ይቺን ኩርባ ብቻ

ወንዝ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ኦኖሬ አለው። የእኛ ሊዮን ሁለት ወንዝ ስላለው ሁለት ኦኖሬ ሊደርሰው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ፈጣሪ የሚያሸክመው የሚችሉትን ያህል ነውና በአንዱ ተወሰነ። ኦኖሬ ማለት ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ሽታው ከሩቅ ከሚጣራው፣ ጥላ ሥር ባዶ ጠረጴዛ ካለው ምግብ ቤት በራፍ ላይ ክንድዎን ይዞ የሚጎትትዎ ሰው ነው። "እዚህ? እዚህማ ቱሪስት ነው የሚበላው! እኔ የማውቀው ቤት አለ። ይቺን ኩርባ ብቻ!" ይልዎታል። እርስዎም ይከተሉታል። ከኩርባዋ ጀርባ ሌላ ኩርባ አለች።

እንዲህ ያለ ወዳጅ የሌለው ሰው የለም። "እኔ የለኝም" የሚል አንባቢ ካለ ወዳጆቹን ይጠይቅ፤ ምናልባት ሰውየው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ሙሴ (አቶ እንደማለት ነው) ኦኖሬ ቴቭኔ፣ እኔ በልቤ "ሊቀ ኩርባ" ብዬ የሾምኩት፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትሮሊባስ ሾፌር ነበር። ትሮሊባስ ከአናቱ ላይ ሁለት ዘንግ አውጥቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨብጦ የሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ ሽቦ ወደሌለበት ንቅንቅ አይልም። ሰውየው የሥራ ዘመኑን በሙሉ አንዲት ኩርባ እንኳ በገዛ ፈቃዱ ታጥፎ አያውቅም። ጡረታ የወጣ ዕለት ግን እንደተፈታ ጥጃ ሆነ። ሽቦ የከለከለውን መንገድ ሁሉ ሊሄድበት ምሎ ተነሣ። ለዚህም ምስክር ያስፈልገው ነበርና እኔን አገኘ።

እኔ አንሴልም እባላለሁ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። የአማዞንን ገባር ወንዞች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ከገበያ አዳራሹ ስወጣ ግን በየትኛው በር እንደገባሁ የሚነግረኝ ዘበኛው ነው። ኦኖሬ "ፕሮፌሰር" ይለኛል። በአክብሮት ነው ብዬ ራሴን ካሳመንኩ ቆይቻለሁ። እንግዲህ ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል የሚባለው፣ አብረን ምሳ ፍለጋ በምንወጣበት ሐሙስ ሐሙስ በእኛ ይፈጸማል ማለት ነው።

ሊቀ ኩርባ ስለ ምግብ ቤት የደነገጋቸው ሕጎች አሉ። ሜኑው ላይ የምግብ ፎቶ ካለ እግሩ አይገባም። በር ላይ ቆሞ "ግቡ፣ ግቡ" የሚል ሰው ካየ መንገድ ይሻገራል። ባለቤቷ ፈገግ ካለች ይጠረጥራል፤ "ጥሩ ምግብ የምትሠራ ሴት ለፈገግታ ጊዜ የላትም" ባይ ነው። ቀድሞ ደውሎ ቦታ ማስያዝ ደግሞ ነውር ነው። "ቀጠሮ የሚያዘው ለጥርስ ሐኪም ነው! ሰው የሚበላው ሲርበው ነው!" ችግሩ፣ እኛ ሲርበን የምንገኘው ከማንኛውም ምግብ ቤት ርቀን መሆኑ ነው።

አንድ ሐሙስ እንዲያውም የደረስነው እውነተኛ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር። ሊቀ ኩርባ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የተጠበሰ ጨጓራ የበላበት ቤት ክሊኒክ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖ ይመለስ ነበር። እሱ ገብቶ እንግዳ ተቀባይዋን ይከራከራት ጀመር።

"እዚህ ጋ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ጋ፣ ምድጃ ነበረ!"

"ቀጠሮ አለዎት፣ ሙሴ?"

"ቀጠሮ? ለጨጓራ?"

"ጨጓራ ሁለተኛ ፎቅ ነው" አለች ልጅቷ በቅንነት፣ ወደ ጨጓራ ሐኪሙ የሚያወጣውን ደረጃ እየጠቆመች።

በእሱ መሪነት ጠግቤ የበላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዝናብ እየወረደብን በጓሮ በኩል አንድ አዳራሽ ይዞኝ ገባ። ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሰዉ ተሰብስቦ ይበላል። ጫፉ ላይ ተቀመጥን። ማንም ምን ትፈልጋላችሁ አላለንም፤ ዝም ብለው ያመጡልን ጀመር። ከቅቤ ጋር የተቀቀለ የዓሣ ድቡልቡል፣ ዶሮ በክሬም፣ ቀይ ወይን። ኦኖሬ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ "አላልኩህም?" አለኝ። ሁለተኛውን ሰሃን ስንጀምር አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ተነሥታ፣ ዛሬ የቀበርነው ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጠረጴዛ ሥር መግባት አማረኝ። ኦኖሬ ግን ብርጭቆውን ይዞ ብድግ አለ። "እኔ ለረጅም ጊዜ አላውቀውም ነበር" ብሎ ጀመረ፤ ይህ ውሸት አይደለም። "ነገር ግን በቤቱ እንግዳ ተርቦ አይወጣም።" አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ስንወጣ ሴትዮዋ ሁለታችንንም አቅፋ ሳመችን።

ከዚያ ውጭ ያሉት ሐሙሶች ላም አለኝ በሰማይ ናቸው። እኔም መላ ዘየድኩ፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ በደረቅ ቋሊማ የተሞላች ዳቦ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። ረሃቡ ሲጠናብኝ "እስቲ ይሄን ሐውልት ልየው" ብዬ ዞር እልና ከሐውልቱ ጀርባ ቆሜ እገምጣለሁ። የከተማዬን ሐውልቶች ሁሉ ከጀርባቸው ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ፤ ከፊት ምን እንደሚመስሉ ብጠየቅ ግን አላውቅም። ለአቅመ ጡረታ ደርሶ ተደብቆ ዳቦ ከሚገምጥ ሰው የባሰ የሚያሳዝን ነገር አላየሁም፤ መስታወት ፊት ቆሜ ካላየሁት በቀር።

እንግዲህ በእኛ ከተማ ሁለት የማይሻሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቢለምኑ፣ ቢያለቅሱ፣ ከንቲባ ቢሆኑ እሳት አይለኮስም። ሁለተኛው፣ ከአይብ በፊት ቁም ነገር አይወራም። ሾርባው ላይ ስለ አየሩ፣ ሥጋው ላይ ስለ እግር ኳስ፣ አይቡ ሲመጣ ደግሞ ሰው የሆዱን ያወጣል። አባቴ እናቴን ታገቢኛለሽ ወይ ያላት አይብ ላይ ነው። ሾርባ ላይ ስለ ውርስ ያነሣ አንድ አጎት ነበረን፤ እስከ ዛሬ ዘመድ የሚያነሣው "ያ የሾርባው" እያለ ነው።

ይህን የማወራው ባለፈው የበጋ ወር ሆዴ ውስጥ ቁም ነገር ስለነበረ ነው።

ነገሩ የኦኖሬ ጉልበት ነው። ኦኖሬ የሚኖረው ክሯ ሩስ ኮረብታ ወገብ ላይ፣ አሳንሰር በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ያ ሁሉ ኩርባ በመጨረሻ ጉልበቱን በላው። ከዘራ ያዘ፤ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ መውጣት ጀመረ። ሐኪሙ ወይ ደረጃውን ተው ወይ እግርህን ተው አለው። ልጁ ኦዲል የምትኖረው ላ ሮሼል፣ አገሪቱን አቋርጠው ሲሄዱ ባሕሩ ዳር ነው፤ ክፍል አዘጋጀችለት። ይህን ሁሉ የነገረኝ ድልድይ ላይ፣ ወንዙን እያየ ነው።

"እሑድ መኪና ይዛ ትመጣለች" አለኝ። "ሜዳ ነው አሉ አገሩ። ጫፍና ጫፍ ይተያያል። ልጥፋ ብል እንኳ የምጠፋበት ኩርባ የለም።"

እኔ በዚህ ጊዜ ምን አልኩ? ስለ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሞገድ ከፍታና ዝቅታ አስተማርኩት። ድልድዩን ጨርሰን እስክንወርድ አላቆምኩም። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ሰማኝ።

ልለው የፈለግኩት ግን ሌላ ነበር። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ የድሮዋ ዘበኛ ትኖርባቸው የነበሩ ሁለት ክፍሎች ባዶ ናቸው። ባለቤቱን አነጋግሬ እሺ ብሎኛል። "አትሂድ፣ እኔ ጋ ና፤ ያላንተ ሐሙስን ምን አደርጋታለሁ?" ይህችው ነበረች። ነገር ግን ቁም ነገር ናት፤ አይብ ያስፈልጋታል። ኦኖሬ እየመራ ደግሞ አይብ ላይ ደርሰን አናውቅም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሐሙስ ከመድረሷ በፊት አንድ ታላቅ ውሳኔ ወሰንኩ፤ እኔ እመራለሁ። አሮጌው ሰፈር ያለው የማዳም ፔሮኔል ምግብ ቤት ደውዬ ለሰባት ሰዓት ቦታ አስያዝኩ።

"ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ" አልኩት በዕለቱ ስንገናኝ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንተ?"

"እኔ። ቦታም አስይዣለሁ።"

"ቦታ አስያዝክ?" ዓይኑን ጨፈነ። የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር። "እሺ ፕሮፌሰር። ምራኝ" አለና ከዘራውን አስተካክሎ እንደ በግ ተከተለኝ።

ቢተቸኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በፉጨት እያዜመ፣ ቀኝ ስል ቀኝ፣ ግራ ስል ግራ ይላል። እኔ ደግሞ ጉልበቱን ላሳርፍለት ብዬ የድንጋዩን ጎዳና ትቼ በትራቡል ልወስደው አሰብኩ። ትራቡል የምንላቸው ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ቤት ለቤት የሚያሻግሩትን ውስጥ ለውስጥ መተላለፊያዎች ነው። በአንድ በር ገብተው፣ የሰው ግቢ አቋርጠው፣ በሌላ በር ይወጣሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬያቸዋለሁ። አንድም ቀን ግን ብቻዬን ሄጄባቸው አላውቅም።

የመጀመሪያው ብስክሌት ማስቀመጫ ውስጥ አስገብቶ አቆመን። ሁለተኛው በትክክል አሻገረን፤ ያሻገረን ግን ወደተነሣንበት ጎዳና ነው። ኦኖሬ ፉጨቱን ቀጠለ። ሦስተኛው ጥሩ ይመስል ነበር። በሩን ገፍተን ጨለም ያለ መተላለፊያ አልፈን፣ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው ጠባብ የድንጋይ ግቢ ውስጥ ገባን። ከፊታችን ያለው በር ተቆልፏል። የኋላው ደግሞ ከጀርባችን ጓ ብሎ ተዘጋ። ተመልሼ እጀታውን ሳብ አደረግኩት። እጀታው መጣ፤ በሩ ቀረ።

"ፕሮፌሰር" አለ ኦኖሬ፣ እጄ ላይ ያለውን ብረት እያየ። "ይሄ ደግሞ በየትኛው ካርታ ላይ ነው ያለው?"

ስልኬን አውጥቼ ማዳም ፔሮኔል ዘንድ ደወልኩ።

"ማዳም፣ አንሴልም ነኝ፤ ለሰባት ሰዓት ቦታ ያስያዝኩት..."

"አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ሙሴ?"

"ስምንት ሊሆን ነው። ግን ደርሰናል፤ እዚሁ ነን፤ ይቺን ኩርባ ብቻ..."

ቃሉ ካፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ኦኖሬ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሴትዮዋ "ወጥ ቤቱ ተዘግቷል" ብላ ዘጋችብኝ፤ ሕጉ ነውና አልተቀየምኳትም። ነገር ግን እሑድ ኦዲል ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ ያቺን አንዲት ቃል ማቅረቢያ ምሳ በገዛ እጄ አበላሸሁ።

ሳቁን የሰማች ሴት ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ አለች። ነጭ ፀጉር፣ የምግብ ፎጣ አንገቷ ላይ፣ በዕድሜዋ ሁለታችንን የምታሳድግ።

"እናንተ! ግቢው ሽንት ቤት አይደለም!"

"ተቆልፎብን ነው፣ ማዳም!" አልኩ።

"ቱሪስት ናችሁ?"

ኦኖሬ ከዘራውን ወደ ሰማይ አነሣ። "ማዳም! ስድብም እኮ ልክ አለው! የክሯ ሩስ ልጅ ነኝ!"

"የክሯ ሩስ ልጅ በሰው ግቢ ምን ይሠራል?"

"ይሄን ፕሮፌሰር ይጠይቁት።"

"እጀታውንስ ማን ነቀለው?"

ብረቱን ከጀርባዬ ደበቅኩ። ሴትዮዋ ግን ከላይ ስለሆነች ጀርባዬም ይታያታል።

"የፊተኛው በር ቁልፍ አለኝ" አለች። "ግን ምሳ ላይ ነኝ። ስበላ አልነሣም።" መስኮቱ ባዶ ሆነ።

የሌላ አገር ሰው ይህችን ሴት ጨካኝ ይላት ይሆናል። እኛ ሁለታችንም ያልተለመደ ነገር አልታየንም። "ልክ ናት፤ ትጨርስ" አለ ኦኖሬ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ። ከመስኮቱ የምስርና የቋሊማ ሽታ ወረደብን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ዳቦዋን አውጥቼ ለሁለት ልከፍላት ስል፦

"ሐውልት ሳታይ ልትበላ ነው?" አለኝ።

"ምን?"

"የንጉሡን ፈረስ ጭራ እያየህ ስታላምጥ ስንት ዘመን ቆሜ ጠበቅኩህ። ቀስ ብለህ ብላ ብዬ እኮ ነው ሁልጊዜ ጫማዬን የማስረው።"

ጫማውን አየሁት። ማሰሪያ የለውም። ያ ሁሉ ሐሙስ አጎንብሶ ሲያስር የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ደባቂው እኔ፣ አስደባቂው እሱ። ዳቦዋን ከፍዬ ግማሿን ሰጠሁት።

ሴትዮዋ ተመልሳ ብቅ አለች። "ምንድን ነው የምትበሉት?"

"ዳቦ ነው፣ ማዳም።"

"በዚህ ሰዓት? ምሳ አልበላችሁም እንዴ?"

ሌባ የተባልን ያህል አፈርን። "አልበላንም" አለ ኦኖሬ።

"ኧረ በሕግ! ስምንት ሰዓት አልፎ! ይሄን ቀድማችሁ አትናገሩም?" ገመድ የታሰረበት ቅርጫት በመስኮቱ ወጣና እየተወዛወዘ ወደ እኛ ወረደ። ትኩስ ምስር፣ የተቆራረጠ ቋሊማ፣ ሁለት ሹካ፣ ታቹ ወፍራም የሆነው የአገራችን ጠርሙስ ግማሽ ቀይ ወይን ይዞ። "ክሎቲልድ እባላለሁ። ቅርጫቱን እንዳትሰብሩብኝ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ካለ ወዲህ ገበያዬም፣ ደብዳቤዬም፣ መድኃኒቴም በእሱ ነው።"

ኦኖሬ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀና አለ። "መቼ ነው መጨረሻ የወረዱት?"

"ለፋሲካ። አራት ሰው ተሸክሞኝ።" ሳቀች። "የሮም ጳጳስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።"

እሱ አልሳቀም። ገመዱን ከታች እስከ ላይ በዓይኑ ተከተለው፤ ከዚያ የራሱን ጉልበት አየ። ምስሩን በላን። በእውነት ለመናገር፣ ሊቀ ኩርባ ዘመኑን ሁሉ ሲፈልገው የኖረው ቤት ይህ ነበር። ፎቶ የለው፣ ቦታ ማስያዝ የለው፣ ባለቤቷም እስክትጠግብ ተቆጥታናለች።

"ቁልፉስ፣ ማዳም?" አልኩ ሰሃኑን ጠርጌ ስጨርስ።

"ቁልፍ ከአይብ በኋላ ነው። ምን ያጣድፋችኋል?"

ቅርጫቱ ወጥቶ እንደገና ወረደ። በውስጡ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን፤ ሳህኑ ውስጥ በነጭ ሽንኩርትና በቅጠላ ቅጠል የተመታ ትኩስ አይብ። እኛ "የሸማኔ አንጎል" እንለዋለን፤ የድሮ የሐር ሸማኔዎቻችን ሥጋ መግዣ ሲያጡ ይበሉት የነበረ ነው። ሳህኑን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። አይብ መጣ። ያለሁት በሰው ግቢ፣ እጀታ ሰብሬ፣ ተቆልፎብኝ ነው፤ አይብ ግን አይብ ነው።

"ኦኖሬ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። "እኔ ያለሁበት ሕንፃ... ታች... ሁለት ክፍል አለ።"

"ምን አለ?" አለች ማዳም ክሎቲልድ ከላይ።

"ምንም፣ ማዳም። ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ፤ እና እሺ ብሎ..."

"አልሰማሁም! ጮክ በል! በአይቤ እያወራህ እኔን ትደብቀኛለህ?"

ቀና ብዬ አየኋት። እዚያው ጎን ባለው መስኮት ደግሞ ሌላ ጎረቤት ክርኗን አስደግፋ ትሰማለች። ሚስቴን እንኳ እወድሻለሁ ያልኳት በሹክሹክታ ነው። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። ቆምኩና ትምህርት ቤት እንዳለሁ ጮህኩ።

"ጓደኛዬ ላ ሮሼል ሊሄድ ነው! እንዳይሄድ እየለመንኩት ነው! እኔ ያለሁበት ሕንፃ ምድር ቤት ባዶ ክፍል አለ! ያለሱ ብቻዬን ነኝ!"

የድንጋዩ ግቢ "ነኝ" የሚለውን ሁለት ጊዜ መለሰልኝ። ርግቦች ተነሥተው በረሩ። ኦኖሬ ዳቦውን አይቡ ውስጥ እንደነከረ ቀርቷል።

"እና ምን አለህ?" አለች ማዳም ክሎቲልድ።

"ገና ነው!"

"አንተ ባለ ከዘራው! ሰውየው ቆሞ ይለምንሃል፤ መልስለት እንጂ!"

ኦኖሬ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ እኔ ሳያይ፣ እያንዳንዱን ቃል ቀስ እያለ አወጣ።

"ደረጃ አለው?"

"አንድም የለው።"

"መስኮቱ ወዴት ያያል?"

"ወደ ጎዳናው። ትሮሊባስ ያልፍበታል፤ መቆሚያው መስኮቱ ሥር ነው።"

ዓይኑ ቀልቷል፤ የነጭ ሽንኩርቱ ነው ቢለኝ አምነው ነበር።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ ተቆጥቶ።

"መቼ አይብ ላይ አድርሰኸኝ ታውቃለህ!"

ከላይ ሁለቱም መስኮቶች ሳቁ። ኦኖሬም ሳቀ። ከዚያ ያችን የነከራትን ዳቦ ለራሱ መስሎኝ ስጠብቅ ወደ እኔ ዘረጋት።

ቁልፉ በቅርጫቱ ወረደ። በሩን ከፍተን ቁልፉን መልሰን ላክን። እጀታውንም ጨምሬ ልኬያለሁ፤ ሳምንት መጥቼ እንደምተክለው ቃል ገባሁ። "ስትመጡ ምሳ ሳትበሉ ኑ!" አለች ማዳም ክሎቲልድ። "ሰባት ሰዓት ላይ! አንዲት ደቂቃ ካለፈች ቅርጫቱ አይወርድም!" ኦኖሬ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። የበሩን ቁጥርም ጎንበስ ብሎ አጠና፤ ይህን ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

"እሺ አላልኩም" አለኝ ጎዳናው ላይ ስንወጣ። "መጀመሪያ ቤቱን አይቼ ነው።"

"አሁኑኑ እናየዋለን።"

"ለኦዲልም ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ትቆጣለች። ለእረፍት ሄደን እንጠይቃታለን፤ ባሕሩንም እዚያው ታስተምረኛለህ። ባቡሩን ለእኔ ተወው፤ አቋራጭ አውቃለሁ።"

ባቡር አቋራጭ የለውም ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ወደ ግራ ታጠፍኩ። ድልድዩ እዚያው ይታያል፤ ከድልድዩ ማዶ ጎዳናዬ፣ ከጎዳናዬ ቤቴ። ዕድሜዬን ግማሽ የኖርኩበት ቤት ነው፤ የእሱን መንገድ እንኳን እኔ አንድ ሕፃንም አይስተውም። ኦኖሬ ክንዴን ያዘ።

"በዚያ? በዚያማ ቱሪስት ነው የሚሄደው!" አለ፣ በከዘራው ወደ ተቃራኒው እየጠቆመ። "ይቺን ኩርባ ብቻ!"

ኪሴን ዳሰስኩት። ግማሿ ዳቦ አለች። ጉልበቱ እንዳይጎዳ እርምጃዬን አሳጥሬ ተከተልኩት።